በደም ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የተጻፈችው ቁጥር
የሽንት ፊኛ ካንሰር፣ ኦፕራሲዮንና የብግነት ምልክቶች



በአንድ የጁሙዓ ቀን ከሶላት በኋላ ጫማችንን እያደረግን ሳለ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ ሰላምታ ካቀረበልኝ በኋላ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የአባቱ የደም ምርመራ ውጤት ነው። አባትየው ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሐጂ ሲሆኑ፣ ሽንታቸው ደም እየቀላቀለ ለወራት "ኢንፌክሽን ነው" እየተባሉ ሲመላለሱ ቆይተው በመጨረሻ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል። ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ ዘልቆ ስለገባ ፊኛው በኦፕራሲዮን እንዲወጣ ሐኪሞች ወስነዋል፤ ቀኑም ተቆርጧል። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ግን አንድ ሰው በእስክሪብቶ 5.8 ብሎ ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

"ውጤቱን ያውቃል ለተባለ ሰው አሳይቼ ነበር" አለኝ ወጣቱ። "ይህቺ ቁጥር ከአምስት ከበለጠች ካንሰሩ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ የኦፕራሲዮኑ ትርፍ ስቃይ ብቻ ነው አለኝ። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ 'እንግዲያውስ አይቀደዱ፤ በቤታቸው ይሁኑ' ትላለች። አባባም ከእርሷ ጋር ናቸው። እርስዎ ምን ይሉኛል?"

ቁጥሯ ከየት እንደመጣች፣ ምን ያህል እንደምትናገርና የት ላይ ዝም እንደምትል ለማስረዳት የመስጊዱ በር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ነገር ስላልነበረ የዚህን ወር አምድ ለእርሱና ተመሳሳይ ወረቀት ይዘው ለሚጨነቁ ቤተሰቦች አውለነዋል።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። የሽንት ፊኛ ካንሰር እንግዳ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 614,000 የሚጠጉ ሰዎች አዲስ ተይዘውበታል፤ ወደ 220,000 የሚሆኑት ሞተውበታል። ወንዶችን ከሴቶች ሦስትና አራት እጥፍ ያጠቃል። ከበሽተኞቹ ግማሽ ያህሉ ለዚህ የበቁት በትምባሆ ምክንያት ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም በኩላሊት ተጣርቶ ወደ ሽንት ይገባና ፊኛው ውስጥ ለሰዓታት ተኝቶ የፊኛውን ግድግዳ ይነካዋል። ሺሻና ጋያ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፉ ንጹሕ የሚመስሏቸው ወንድሞች አሉ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም።

ሌላው ምክንያት ቢልሃርዝያ ነው። ጥገኛ ትሉን እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ በሚገኘው ቀስር አል-ዐይኒ ሆስፒታል ያገኘው ጀርመናዊው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነበር፤ የበሽታው ስምም ከእርሱ የመጣ ነው። ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት በአገራችን በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። በእነዚህ አካባቢዎች ያደገና ሽንቱ ደም የሚቀላቅል ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ዋናው ምልክት ሕመም የሌለው ደም በሽንት ውስጥ መታየቱ ነው። አንድ ጊዜ ታይቶ ለወራት ይጠፋል፤ ሰውም "ተሻለኝ" ብሎ ይተወዋል። እናቶች ደግሞ የወር አበባ ወይም የማሕፀን ጉዳይ እየመሰላቸው ብዙ ይዘገያሉ። የሐጂ ጉዳይም የዘገየው በዚሁ ምክንያት ነበር።

በሽታው ሲገኝ ከአራቱ በሦስቱ ገና የፊኛው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ነው። ይህ በሽንት መስመር በሚገባ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል፤ እንዳይመለስም መድኃኒት ፊኛው ውስጥ ይጨመራል። በአራተኛው ሰው ላይ ግን ጡንቻውን ዘልቆ ይገኛል። የዚህ ሰው ዋናው ሕክምና ፊኛውንና በዙሪያው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች በኦፕራሲዮን ማውጣት ነው፤ አቅሙ ከፈቀደ ከዚያ በፊት ሲስፕላቲን ያለበት የካንሰር መድኃኒት ይሰጠዋል።

ቁስል ያልሆነ ቁስል

ጣታችን በቢላ ሲቆረጥ አካባቢው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያመናል። ይህ ብግነት ይባላል፤ ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን ይሉታል። ሰውነት ነጭ የደም ሴሎቹን ወደ ቦታው ልኮ ጀርም ይገድላል፣ የሞተውን ይጠርጋል፣ አዲስ ሥጋ ያበቅላል፤ ሥራው ሲያልቅ ያቆማል። ካንሰር ያለበት ቦታ ላይ ግን ሥራው አያልቅም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር ያመሳሰለው ለዚህ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ ደግሞ በዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች መኖራቸውን ያስተዋለው ከዚያ በጣም ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1863 ነበር።

የማይሽረው ቁስል ወደ መላው አካል መልእክት ይልካል። መቅኔው ኒውትሮፊል የተባሉትን፣ ፈጥነው የሚደርሱትን ነጭ ሴሎች በብዛት ያመርታል። ካንሰርን ለይተው የሚያጠቁት ሊምፎሳይቶች ደግሞ በአንጻሩ ይቀንሳሉ። ጉበት ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በአጭሩ ሲአርፒ የሚባለውን ወደ ደም ይለቃል፤ አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን ግን ያሳንሳል። ኒውትሮፊል ጠባቂ ነው ቢባልም ዕጢው አጠገብ ሲከማች አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉና የካንሰሩ ሴሎች እንዲራቡ የሚያግዙ ነገሮችን ይረጫል። ዘበኛው ለሌባው በር እንደሚከፍት ዓይነት ነው።

ይህ ሁሉ በተራው የደም ምርመራ ይታያል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሐጂ ወረቀት ላይ ኒውትሮፊል 7,540፣ ሊምፎሳይት 1,300 ይላል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉት 5.8 ይመጣል። ያ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ይህ ውጤት ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ውስጥ ይገኛል። አንዳንዶች ፕላትሌትን ለሊምፎሳይት ያካፍላሉ፤ አንዳንዶች ሦስቱንም በአንድ ላይ ያሰላሉ። የስኮትላንድ ሐኪሞች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ግላስጎው በተባለችው ከተማቸው ስም የሚጠራ አሠራር አቅርበዋል፤ ሲአርፒ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ፣ አልቡሚን በሊትር ከ35 ግራም በታች ከሆነ ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ በጨመረ ቁጥር የበሽተኛው ሁኔታ ይከብዳል ማለት ነው።

ሲአርፒ ራሱ የተገኘው በካንሰር ጥናት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ውስጥ ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ አገኙት። ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ሲአርፒ የሚጮኸው ለካንሰር ብቻ ሳይሆን ለሳንባ ምች፣ ለጥርስ መግል፣ ለሽንት ኢንፌክሽንም ጭምር ነው።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

በአሜሪካ የሚገኘው ሜዮ ክሊኒክ ፊኛቸው በኦፕራሲዮን የወጣ 899 ሰዎችን መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱን አውጥቷል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽራቸው ከፍ ያለባቸው ሰዎች ካንሰራቸው ከታሰበው በላይ ርቆ የመገኘት፣ ተመልሶ የመምጣትና በእርሱም የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። ከጃፓን፣ ከቻይናና ከአውሮፓም ተመሳሳይ ጽሑፎች ወጥተዋል። ያ ሰው ለወጣቱ የነገረው ከእነዚህ የተቀነጨበ መሆን አለበት።

ያልነገረው ግን አለ። እነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የድሮ መዝገብ ወደ ኋላ እየተገለጠ የተሠሩ ናቸው። ቀድሞ በታቀደና ሁሉም ነገር በሥርዓት በተመዘገበበት ጥናት ላይ ሲፈተሽስ? በአሜሪካ ከ1987 ጀምሮ የተካሄደ አንድ ትልቅ ጥናት 317 ሰዎችን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ ነበር፤ ግማሹ በቀጥታ ኦፕራሲዮን ተደረጉ፣ ግማሹ በቅድሚያ የካንሰር መድኃኒት ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ውጤት መድኃኒቱን ቀድመው የወሰዱት ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ 77 ወር ሲሆን በቀጥታ የተቀደዱት 46 ወር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች የእነዚህኑ ሰዎች የደም ቁጥር አውጥተው ሲያሰሉ ግን የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር ማን ረጅም ዕድሜ እንደሚቆይም ሆነ መድኃኒቱ ለማን እንደሚጠቅም ለመለየት አልረዳም።

እንግዲህ በጓሮ በር የገባው ምስክር አንድ ነገር ሲል በፊት በር የገባው ሌላ ብሏል። በእኔ አስተያየት ቁጥሯ ውሸት ናት ማለት አይደለም። ቁጥሯ በብዙ ሺህ ሰው መሐል ዕድልን ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ የምታጋድል ምልክት ናት። በአንድ ሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት ግን አቅም የላትም። ደመና ባየንበት ቀን ሁሉ ዝናብ እንደማይዘንብ መሆኑ ነው። የትኛውም ሐኪም በዚህች ቁጥር ብቻ ተነሥቶ "ኦፕራሲዮኑ ይቅር" አይልም።

ሌላም ችግር አለ፤ ለእኛ ደግሞ ይበልጥ ይመለከተናል። "ከፍ ያለ" የሚባለው ድንበር ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ አንዱ 2 ላይ፣ ሌላው 3 ላይ፣ ሌላው 5 ላይ ያሰምራል። እነዚህ ድንበሮች የተሰመሩት በአብዛኛው በአውሮፓውያን፣ በአሜሪካውያንና በሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ደም ላይ ነው። ኢትዮጵያውያንን፣ የመናውያንንና ሌሎች የአፍሪካና የዐረብ ሕዝቦችን ጨምሮ ብዙ ሰዎች ምንም ሳይታመሙ በተፈጥሮ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው አነስ ይላል። አላህ እንዲሁ ፈጥሯቸዋል፤ በሽታ አይደለም። ስለዚህ የሌላው አገር ድንበር ለሐበሻ ደም ልኩ ነው ማለት አይቻልም። ለአንዱ "መካከለኛ" የሆነው ለሌላው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ "ዝቅ ያለ ነውና አትስጉ" መባሉም ሊያሳስት ይችላል።

በዚያ ላይ ቁጥሯ በቀላሉ ትናወጣለች። ጉንፋን፣ ወባ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰለ መድኃኒት፣ ሲጋራ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የተደረገ ትንሽ ኦፕራሲዮን፣ እንቅልፍ ያጣ ሌሊትና ድንጋጤ ጭምር ከፍ ያደርጓታል። የፊኛ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ በሽንት መስመሩ ቱቦና መሣሪያ ሲገባበት ስለሚሰነብት ኢንፌክሽን አይርቀውም። ወጣቱን "ደሙ የተወሰደው መቼ ነው?" ብዬ ስጠይቀው "ትኩሳት ይዟቸው አንቲባዮቲክ የጀመሩ ቀን" አለኝ። ለራሱም ያን ጊዜ ገባው መሰል ዝም አለ።

የመጪውን ነገር ከሁሉ በላይ የሚወስነው ካንሰሩ የደረሰበት ቦታ ነው። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 1,054 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተሙት፣ ካንሰሩ ከፊኛው ሳይወጣና የሊምፍ ዕጢ ሳይነካ ከተቀደዱት ውስጥ 85 በመቶ ለሚሆኑት በአምስት ዓመት ውስጥ አልተመለሰባቸውም። የሊምፍ ዕጢ ነክቶ በተገኘባቸው ላይ ይህ ቁጥር ወደ 35 በመቶ ወርዷል። በዚህም ቢሆን ከሦስቱ አንዱ ድኗል ማለት ነው። በግብፅ የሚገኘው የመንሱራ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ከተከፈተ ወዲህ በዚህ ኦፕራሲዮን በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆኗል። ፕሮፌሰር ሙሐመድ ጎኔይምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የ2,720 ሰዎችን ውጤት አሳትመዋል። ብዙዎቹ የዓባይ ገበሬዎች፣ ብዙዎቹም የቢልሃርዝያ ታማሚዎች የነበሩ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ ከበሽታው ነጻ ነበሩ። ዕጢው ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ዝም ከተባለ ግን ይህ ዕድል የለም። ከምርመራው በኋላ ኦፕራሲዮኑ ከሦስት ወር በላይ ሲዘገይ ውጤቱ እንደሚበላሽም ታውቋል። የሐጂ ቤተሰብ ማስላት የነበረበት ይህን ነው።

ታዲያ የደም ምልክቶቹ ለምን ይጠቅማሉ? ሐኪሙ ሌሎች መረጃዎችን ይዞ ሲመዝን አንድ ተጨማሪ ጠጠር ይሆኑታል። ቁጥሮቹ የከፉበትን ሰው ቀረብ ብሎ ይከታተላል፣ የተደበቀ ኢንፌክሽን ይፈልጋል፣ ምግቡን ይጠይቃል። ከዚህ የተሻለ ተስፋ የተጣለበት አዲስ ምርመራም መጥቷል፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን የካንሰሩን የራሱን ዲኤንኤ ስብርባሪ የሚፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ይህ ስብርባሪ የተገኘባቸው ሰዎች በሽታው የመመለስ ዕድሉ በእጅጉ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ዋጋው ግን ከተራው የደም ምርመራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከማዕዳችን በኩል

ይህ አምድ የጤናና የምግብ አምድ ስለሆነ "ቁጥሩን የሚያወርድ ምግብ ንገሩን" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን። ቴርሞሜትሩን በረዶ ውስጥ ቢከቱት ንባቡ ይወርዳል፤ የሕፃኑ ትኩሳት ግን ባለበት ነው። ዕርድም ሆነ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድም ሆነ ማር ጡንቻ ውስጥ የገባን የፊኛ ካንሰር አያወጡም። በምግብነታቸው የተባረኩ ናቸው፤ መድኃኒት ነው ተብሎ ኦፕራሲዮን ሲቀርባቸው ግን ሰው እንገድላለን። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በብዛት የሚወስድ ሰው ከኦፕራሲዮን በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የደም መርጋትንና ስኳርን ሊነካ ይችላልና። ዋግምትም እንዲሁ ነው፤ በሽንቱ ደም እየፈሰሰ ሄሞግሎቢኑ የወረደ ሰው ሌላ ደም ማውጣት አይገባውም።

አልቡሚን ዝቅ ያለበት ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ ቁስሉ ቶሎ አይጠግም፣ ኢንፌክሽንም ይበዛበታል። አልቡሚኑ የወረደው ግን በብግነቱም ሊሆን ስለሚችል ሥጋ በማብላት ብቻ አይመለስም። ቢሆንም ካንሰር ያለበት ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ስልሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣል። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በየማዕዱ ካሉ፣ እንቁላልና ወተት ከተጨመረ፣ ዓሣ ወይም ሥጋ በሚቻለው መጠን ከገባ ይደረስበታል። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት። የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሽማግሌ ፊት ትልቅ ትሪ ከመደርደር በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ማቅረብ ይሻላል። የሚያጨስ ካለ ከኦፕራሲዮኑ ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ ያቁም፤ ሺሻም ያው ነው።

ሐጂ በእርግጥ የፈሩት

ወጣቱን ተከትዬ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ሐጂ ስለ 5.8 ብዙም አልተናገሩም። ሻይ ከተቀዳ በኋላ ቀስ ብለው "ፊኛው ከወጣ ሽንቱ በሆድ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው የሚወርደው አሉኝ። ታዲያ ሶላቴስ? እንዴት ሆኜ መስጊድ እገባለሁ?" አሉ። ባለቤታቸው አቀርቅረው ነበር። ቁጥሯ ሰበብ ነበረች እንጂ ሰውየውን የያዛቸው ይህ ነው።

ፊኛ ሲወጣ ሐኪሙ ከታማሚው ከራሱ አንጀት ቁራጭ ወስዶ ከሁለት አንዱን ይሠራል። አንደኛው ሽንቱ በሆድ ላይ ባለ ቀዳዳ ወደ ከረጢት እንዲወርድ ማድረግ ነው። ሁለተኛው አንጀቱን እንደ ፊኛ ሰፍቶ በቦታው መተካት ነው፤ ይህ ከረጢት አያስፈልገውም፣ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ሌሊትም ሊያመልጥ ይችላል። ሽንቱን መቆጣጠር ስለማይችል ሰው ፊቅሃችን ጥንት ጀምሮ የተናገረው አለ። በርካታ ዑለማኦች እንዲህ ያለው ሰው የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ዉዱእ አድርጎ እንደሚሰግድና በመሐል የሚወርደው ሶላቱን እንደማያበላሽበት ያስተምራሉ። ዝርዝሩን የሚያውቁትን ኡስታዝ ይጠይቁ፤ ለሐጂም የመስጊዳቸውን ኢማም ይዘንላቸው ሄድን። ከረጢቱ በደንብ ከተለጠፈ አይሸትም፣ ከልብስ ሥር አይታይም። የረመዳን ጾም ግን ለብቻው የሚታይ ነው። ውኃ ማጣት ለእንዲህ ዓይነት ታማሚ ኩላሊት ስለማይስማማ ሐኪምና ዓሊም አብረው ይወስኑ።

ኢንፌክሽኑ ከታከመ በኋላ የሐጂ ደም እንደገና ተመርምሮ ንጽጽሩ 3.1 ሆኗል። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ "ይህም ቢሆን ዋስትና አይደለም" ስለው ፊቱ ጠቆር አለ፤ ግን ገባው። ኦፕራሲዮኑ የሚደረገው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ነርሷ ቀዳዳው የሚወጣበትን ቦታ በቀለም ልታመለክት ስትመጣ ሐጂ እንዲቆሙ፣ እንዲቀመጡ አደረገቻቸው። ቀጥለው እርሳቸው ራሳቸው ሩኩዕ ወርደው፣ ሱጁድ አድርገው አሳዩአት። እርሷም መጀመሪያ ያደረገችውን ምልክት አጥፍታ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ አሰመረችው።